የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን የዓለም ታሪክ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች እንዴት እናስተምር?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን የዓለም ታሪክ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ማስተማር ነው። አርእስቱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ኑሮ ውድነት መነጋገር ሲገባ ስለ ባቢሎንና ስለ ሮም ማውራት ምን ይፈይዳል የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋም እናውቃለን። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠመኔ ጨብጠን ከ13 ዓመት ልጅ ፊት የምንቆም ነንና ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የራሳችን የነገ ሥራ ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። ስለ አቆጣጠሩም ቢሆን ኋላ የምንለው አለን።

ለአስተማሪነት ልምምድ በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች ያየነው አሰጣጥ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ ይገባል፤ ልጆቹ ተነሥተው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ማስጻፍ ነው። «ሜሶፖታሚያ ማለት በሁለት ወንዞች መካከል ያለ አገር ማለት ነው። ወንዞቹም ጤግሮስና ኤፍራጥስ ይባላሉ።» ልጆቹ ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግብጽ ትመጣለች፤ ከዚያ ግሪክ፣ ከዚያ ሮም፤ ሮምም በ476 ትወድቅና መካከለኛው ዘመን ይጀመራል። በፈተናው ቀን ባዶ ቦታውን ሙላ ይባላል፤ ልጁ «ጤግሮስ» ብሎ ይሞላል፤ ትክክል ተብሎ ይታረምለታል። ይህ ልጅ ጤግሮስ በየት በኩል እንደሚፈስ፣ ወንዝ ለከተማ መቆርቆር ምን እንደሚያደርግ፣ ይህን ሁሉ ማን አይቶ ለእኛ እንደ ነገረን አልጠየቀም። ሊጠይቅ የቃጣው ቢኖርም ደወሉ ይቀድመዋል። ታሪክ ራሱን ችሎ ሳይሆን ከጂኦግራፊ ጋር ተዳብሎ በሚሰጥበት ክፍል ደግሞ የጊዜው ማጠር የባሰ ነው።

መምህሩን ለብቻው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከ60 በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ጸጥታን የሚያስከብር ነገር ቢኖር ማስጻፍ ነው፤ እጅ ሲጽፍ አፍ ይዘጋል። ይህን ስንል ግን ልማዱን ማጽደቃችን አይደለም። እኛ የምንለው፣ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ብዛቱን ቀንሰን ጥቂቱን «በምን እናውቃለን?» ከሚል ጥያቄ ጋር ብንሰጠው ይሻላል፤ ጥቂቱንም ስንመርጥ ልጁ በእጁ ከሚነካውና በዓይኑ ከሚያየው ነገር እንነሣ ነው። ነገሩን በአየር ላይ እንዳንተወው ምሳሌ እየሰጠን እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ጊዜን እንውሰድ። ለ13 ዓመት ልጅ አያቱ የተወለዱበት ዘመንና ፈርዖን የነገሠበት ዘመን ሁለቱም «ድሮ» ናቸው። በዚህ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጠር መሆኑ ይጨመርበታል። ሐሙራቢ ከ1792 እስከ 1750 ነገሠ ብላችሁ ስትጽፉ ልብ ያለው ልጅ «ሳይነግሥ ነው የሞተው?» ቢላችሁ መቆጣት አይገባም፤ የጠየቀው ትክክል ነው። ለዚህ መድኃኒቱ 11 ሜትር ሲባጎ ነው። አንዱን ሜትር 500 ዓመት እናድርገው። ልጆቹን ከክፍል አውጥተን በግቢው አጥር ላይ እንወጥረው። ጫፉ ላይ ያለው ዛሬ ነው። የልጁ የራሱ ዕድሜ ከጫፉ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአውራ ጣት ስፋት ነው። ዓድዋ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያልፋል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሜትር ተኩል አልፎ ይመጣሉ። ታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ሦስት ሜትር ተኩል አካባቢ ናቸው። የግብጽ ንግሥት ክሊዎፓትራ የሞተችው በ30 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነውና አራት ሜትር ላይ ትቆማለች፤ የኩፉ ታላቁ ፒራሚድ ግን ዘጠኝ ሜትር ላይ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን አንድ ነገር እንዲለኩ ማዘዝ ነው፤ ክሊዎፓትራ የምትቀርበው ለፒራሚዱ ነው ወይስ ለእኛ? ለክተው ለእኛ እንደምትቀርብ ሲያገኙት፣ «ጥንታዊት ግብጽ» የሚለው ሁለት ቃል ስንት ዘመን እንደ ዋጠ ያለ ማስታወሻ ይገባቸዋል።

በዚያው ሲባጎ ላይ የአቆጣጠሩን ነገር ማስረዳት ይቻላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መጽሐፉ በአውሮፓ፣ የአንዳንዱ ልጅ ቤተሰብ ጾምና በዓል ደግሞ በሂጅራ የሚቈጠርበት አገር ብዙ አይደለም። ይህ ለመምህሩ ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል፤ እኛ ግን ከማንኛውም የማስተማሪያ መሣሪያ የበለጠ ሀብት ነው እንላለን። የሂጅራው ዘመን መነሻ ነቢዩ መሐመድ ከመካ ወደ መዲና የተሰደዱበት 622 መሆኑን፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ615 ገደማ ከተከታዮቻቸው ጥቂቶቹ ወደ አክሱም ንጉሥ መሰደዳቸውን የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ሲባጎ ላይ ቋጠሮ አስሮ ያየዋል።

«መካከለኛ» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። በምንና በምን መካከል? ስያሜው የመጣው የሮምን ጥንታዊ ሥልጣኔ ያደንቁ ከነበሩ የኢጣልያ ሊቃውንት ነው፤ በሮም ክብርና በእነርሱ ዘመን መካከል ያለውን ጊዜ እንደ ባዶ ሜዳ ቆጥረውት ነው። ምዕራባዊው የሮም መንግሥት በወደቀበት በ476 አክሱም አልወደቀችም፤ የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። በህንድ አገር በዚያው ዓመት አርያባታ የተባለው የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ተወለደ፤ ይኸውም ምድር በዛቢያዋ ላይ ትዞራለች ብሎ የጻፈው ሰው ነው። ታዲያ ይህን ዓመት ለዓለም ሁሉ የዘመን ድንበር አድርገን ለልጅ ማስያዝ ትክክል ነውን? ፈተናው ስለሚጠይቀው ልጁ 476ን ይወቅ፤ ግን የማን ድንበር እንደ ሆነ አብሮ ይወቅ።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ፊደል ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ ቅር እንዳይላችሁ። በሰሌዳው ላይ «ዐ» ብለን እንጻፍና ማን ይባላል ብለን እንጠይቅ። ቢያንስ አንዱ ልጅ «ዐይኑ ዐ» ይላል። ለምን ዐይኑ ተባለ? ዐይን በሚለው ቃል መጀመሪያ ስለሚጻፍ ነው ይላሉ። ደግሞስ? ክብ ነው፤ ዐይን ይመስላል። ቀጥለን በእንግሊዝኛ ትምህርታቸው የሚያውቁትን ክቡን «ኦ» ከጎኑ እንጻፍ። ሁለቱ ፊደሎች ዘመዳሞች ናቸው ብንል ልጆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል፤ እውነት ግን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲና ምድረ በዳ ሰራቢት ኤል ኻዲም በሚባል ኮረብታ ላይ የጥንት ግብጻውያን ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ያስቆፍሩ ነበር። እዚያ ከሚሠሩትና ከሚነግዱት ብዙዎቹ ቋንቋቸው እንደ ዕብራይስጥ፣ እንደ ዐረብኛና እንደ ግዕዝ ያለ ሴማዊ ነበረ። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1905 ቦታውን ሲመረምር የግብጽን ሥዕላዊ ጽሕፈት የሚመስል ነገር ግን ያልሆነ አጫጭር ጽሑፍ አገኘ። በ1916 አለን ጋርዲነር የተባለ ሊቅ እየተደጋገሙ የሚመጡትን ምልክቶች ተመልክቶ አንዱን ቃል ፈታው። ዘዴው ቀላል ነበር። የቤት ሥዕል «ቤት» ተብሎ ስለሚጠራ «በ» ይሆናል፤ የዐይን ሥዕል «ዐ» ይሆናል፤ መስቀለኛው ምልክት «ተ» ይሆናል። እንደዚህ ብሎ ያነበበው ቃል አምስት ፊደል ያለው ሲሆን በእኛ ፊደል ሲጻፍ ለ፣ በ፣ ዐ፣ ለ፣ ተ ነው፤ «ለባዕልት»፣ ማለትም «ለእመቤት» እንደ ማለት ነው። ለአንዲት አምላካቸው የቀረበ ስጦታ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ከ3,500 ዓመት በላይ የሆነው ቃል አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ያለ አስተርጓሚ ግማሹን ሊያነበው ይችላል። «ለ» የሚለው መነሻ ዛሬም «ለእናቴ» ስንል የምንለው ነው። «ባዕል» የሚለው «ባለቤት» በምንለው ቃል ውስጥ አለ። የእኛ «ተ» መስቀለኛ ቅርጹን እስከ ዛሬ ይዟል፤ «በ»ም ቢሆን ግድግዳና ጣራ ያለው ቤት ይመስላል። ከዚያ ምንጭ አንዱ ጅረት በፊንቄ በኩል ወደ ግሪክና ወደ ሮም፣ ሌላው በደቡብ ዐረቢያ በኩል ወደ እኛ ወረደ። ልጁ ይህን ሲሰማ ግብጽን፣ ፊንቄን፣ ግሪክንና ሮምን አራት የተለያዩ ምዕራፎች አድርጎ አያያቸውም፤ በራሱ ደብተር ላይ የተገናኙ ናቸው።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። ፩ ፪ ፫ የተወሰዱት ግሪኮች በቁጥርነት ከሚጠቀሙባቸው ከአልፋ፣ ከቤታና ከጋማ ነው። 1፣ 2፣ 3 ግን ከህንድ በዐረቦች በኩል የመጡ ናቸው፤ ለአውሮፓ ነጋዴዎች ያስተዋወቀው ዋነኛው መጽሐፍ የፒዛው ሊዮናርዶ በ1202 የጻፈው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ ፳፬ን በ፲፪ በጽሑፍ አባዙ ማለት ነው፤ ልጆቹ ሲቸገሩ ዜሮና የቁጥር ቦታ ምን ያህል ታላቅ ፈጠራ እንደ ሆነ ይረዱታል። የሒሳብ መምህሩም ደስ ይለዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ሐር ነው። የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን የዓለም ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ አሳዩ ቢባል እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ሐርን ልጆቹ በጥልፍ ክር ያውቁታል፤ ጥቂት ክር ይዞ መግባት ይቻላል። በ6ኛው መቶ ዓመት ሐር የሚሠራው በቻይና ነበር፤ የሮም መኳንንት ደግሞ ያለ ሐር መኖር አልቻሉም። ሐሩ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚደርሰው በፋርስ ነጋዴዎች እጅ ነው፤ ፋርስ ደግሞ የሮም ጠላት ነች። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ የሚዋጋውን ጠላት በገዛ ወርቁ ያበለጽግ ነበር ማለት ነው። ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ ለልጆቹ ሰጥቶ ካርታውን ሰሌዳው ላይ መሣል ነው፤ ቁስጥንጥንያ፣ ፋርስ፣ ቀይ ባሕር፣ አዱሊስ፣ የመን፣ ህንድ። ጣታቸውን በካርታው ላይ እየጎተቱ ፋርስን ሳይነኩ ወደ ህንድ የሚደርስ መንገድ እንዲፈልጉ እንተዋቸው። ያገኙታል፤ በእኛ በኩል ነው።

ዮስጢንያኖስም ያገኘው ይህንኑ ነው። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደሚተርከው በ531 ገደማ ዩልያኖስ የተባለ መልክተኛ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ካሌብ ልኮ ሐሩን ከህንድ እናንተ ግዙና ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተም ብዙ ታተርፋላችሁ፤ የእኛም ገንዘብ ወደ ጠላታችን አይሄድም ሲል ጠየቀ። ካሌብ እሺ አለ። ነገር ግን አልሆነም። ለምን አልሆነም? እዚህም ላይ ልጆቹ አስቀድመው ይገምቱ፤ ማዕበል ነው የሚል ይኖራል፤ ጦርነት ነው የሚል ይኖራል። ፕሮኮፒየስ የሚሰጠው ምክንያት የገበያ ነው። የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ ወደቦች የቀረቡ ጎረቤቶች ስለ ነበሩ የህንድ መርከብ ገና ሲደርስ ጭነቱን በሙሉ ጠቅልለው ይገዙት ነበር። አክሱማውያን ሲደርሱ የሚገዛ አይተርፍም። ገበያ ማልዶ የሄደና አርፍዶ የሄደ ሰው ልዩነቱን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለምና ይህን ለማስረዳት ማንም አይቸገርም።

ታሪኩም በዚህ አያበቃም። በ552 ገደማ መነኮሳት የሐር ትል ዕንቁላል ይዘው ወደ ዮስጢንያኖስ አገር ገቡ፤ ቁስጥንጥንያም ሐር ማምረት ጀመረች። አንድ መንግሥት በመልእክትና በጦር ያላገኘውን በትል ዕንቁላል አገኘ። በዚህ በአንዲት ትምህርት ልጁ ሮምን፣ ፋርስን፣ አክሱምን፣ የመንን፣ ህንድንና ቻይናን በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ያያል። ያው «የሐር መንገድ በቻይናና በሮም መካከል ያለ የንግድ መንገድ ነው» ተብሎ በሚጻፈው አንድ መስመር ውስጥ ይህ ሁሉ ተቀብሮ ነበር።

ጊዜ ከተረፈ ከዚያ ወደ 1ኛው መቶ ዓመት ተመልሶ አንድ ስሙ ያልታወቀ የግብጽ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈውን የቀይ ባሕር መርከበኞች መጽሐፍ ማሳየት ይቻላል። ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ እንደሚወጣ፣ ጨርቅ፣ ብረትና ጥቂት የወይን ጠጅ እንደሚገባ ይናገራል። የአገሩን ገዥ ዞስካሌስንም ሲገልጸው ገንዘብ የሚሰስት ግን የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል። ልጆቹ እዚህ ላይ መሣቃቸው አይቀርም፤ ይሣቁ። ከሣቁ በኋላ ግን ይህን የጻፈው ሻጭ ነው ወይስ ገዢ? የሻጭስ አፍ ስለ ገዢ ምን ይላል? ብሎ መጠየቅ ነው። ምንጭን መመርመር ማለት ይኸው ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ የተጠበቀ ምሥጢር አይደለም።

ስለ ሐሙራቢ ባጭሩ እንናገር። ሕጉ የተቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ የተነበቡት አንቀጾች 282 ተብለው ይቈጠራሉ። ቁጥሩን ከማስያዝ ይልቅ ሁለት ሦስት አንቀጽ ሰጥቶ ማከራከር ይበልጣል። ግንበኛ የሠራው ቤት ወድቆ ባለቤቱን ቢገድል ግንበኛው ይሙት ይላል፤ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል ደግሞ የግንበኛው ልጅ ይሙት ይላል። የግንበኛው ልጅ ምን አደረገ? የጨዋን ዐይን ያጠፋ ዐይኑ ይጥፋ፤ የባሪያን ዐይን ያጠፋ ግን ዋጋ ይክፈል ይላል። የ7ኛ ክፍል ልጅ ለፍትሕ ያለው ስሜት እጅግ የነቃ ነውና ክፍሉ መናጡ የማይቀር ነው። ደግሞም ይህ የባቢሎን ድንጋይ በ1901 የተገኘው በፋርስ ምድር በሱሳ ነው፤ በምርኮ ተወስዶ ነበረ፤ ዛሬ ያለው በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር ነው። ምርኮ ሆኖ ስለሚሄድ ድንጋይ እኛን የሚያስተምረን የለም፤ በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። ይህን ማገናኘት ለመምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይፈጅበታል።

አሁን ወደሚከብደው ክፍል ደርሰናል። እስከ አሁን የሰጠናቸው ምሳሌዎች የአገራችንን ስም ደጋግመው ስለሚያነሡ፣ የዓለምን ታሪክ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ውዳሴ ለመለወጥ የምንሻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እንዲያውም የምንፈራው እርሱን ነው። በመጽሐፉ ሰንሰለት ውስጥ ኢትዮጵያዊው ልጅ ከአጥር ውጭ ሆኖ የሰው ሠርግ የሚመለከት ይመስል ነበር፤ ይህን ለማቃናት ብለን ሙሽራው እኛ ብቻ ነን ብንለው ሁለተኛ ሐሰት እንነግረዋለን። ከአራቱ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አንዱ አክሱም ነው የሚለውን ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይህን አለ የሚባለው በ3ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን አገር የነበረው የሃይማኖት መሥራች ማኒ ነው፤ ቃሉንም ያኖሩልን ተከታዮቹ ናቸው። ስንቱ ተማሪ ነው ማኒ ማን እንደ ሆነ፣ ሌሎቹ ሦስት መንግሥታት እነማን እንደ ሆኑ፣ የት ሆኖ እንደ ተናገረ የሚያውቅ? ምስክሩን ሳያውቁ ምስክርነቱን ብቻ መጥቀስ ፉከራ ነው።

የናግራንን ነገር ለ8ኛ ክፍል ብናቀርብ ምን ይሆናል? በ523 የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ፣ ሃይማኖቱ አይሁድ የነበረ፣ በናግራን ክርስቲያኖችን ፈጀ፤ በ525 ካሌብ ባሕሩን ተሻግሮ መንግሥቱን ገለበጠ። ስለዚህ ነገር በሶርያና በግሪክ ቋንቋ የተጻፉ የክርስቲያኖች ጽሑፎች አሉን፤ በዓረብ ምድር አለት ላይ የዩሱፍ ሠራዊት በ523 ያስቀረጸው የራሱ ጽሑፍም አለን፤ እርሱም ስንት ሰው እንደ ገደለና እንደ ማረከ በኩራት ይቆጥራል። ካሌብ ለዘመቻ ሲዘጋጅ በአዱሊስ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስም የጻፈው አለን። ሦስት ዓይነት ምስክር ነው። ልጁ ማን ምን እንዳለ፣ በምን እንደ ተስማሙ፣ ነገሩ የሃይማኖት ብቻ ነው ወይስ የንግድና የግዛትም ነው ብሎ ይመዝን። መልሱን መምህሩ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ከጻፈው ግን ትምህርቱ ጠፋ።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ታሪክ የጠብ መነሻ ሲሆን፣ ወጣቱም በአንድ ወገን የተነገረውን ይዞ በወንድሙ ላይ ሲነሣ እያየን አድገናል። በቅርቡ ታሪካችን ላይ በክፍል ውስጥ መነጋገር ለብዙ መምህር እሳት ሆኖበታል፤ አንዱ ልጅ ያለቅሳል፤ አንዱ ይቆጣል፤ ወላጅም ይመጣል። ስለ ሐሙራቢ ግንበኛ ወይም ስለ ፕሮኮፒየስ ሐር ግን ማንም ቤቱ ሄዶ አይጣላም። የምስክርን ቃል መመዘን፣ የጻፈው ማን ነው ምንስ ይፈልግ ነበር ብሎ መጠየቅ፣ ተከራክሮ አብሮ ማዕድ መቅረብ፣ ይህ ሁሉ ሩቅ ባለ ነገር ላይ ቢለመድ ቅርብ ወዳለው ሲመጡ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን አይሆኑም። የጥንቱን ዘመን ትምህርት ከሌላው ሁሉ አስቀድመን የምንሟገትለት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኖረው የግብጹ ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዮስ ከአዳም ጀምሮ የዓለምን ታሪክ ጽፎ ነበር። ዐረቦች ግብጽን ስለ መያዛቸው ከሚናገሩ ምንጮች እጅግ ከቀደሙትና ከከበሩት አንዱ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ጠፋ፤ ወደ ዐረብኛ የተተረጎመውም ጠፋ፤ በ1602 ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ብቻ ቀረ። ስለዚህ ያንን ዘመን የሚያጠና የየትኛውም አገር ሊቅ በግዕዙ በኩል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ይህ ለልጆቹ የሚያኮራ ነው ብንል ፉከራ አይሆንም፤ ምክንያቱም የሚያኮራው ያሸነፍነው ሰው ኖሮ ሳይሆን ተርጓሚና ጸሐፊ የደከመበት ሥራ ተጠብቆ መቆየቱ ነው።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። አንደኛው የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ልጁ ስለ ሐር ሲከራከር ያልተጻፈለት ምዕራፍ ቢመጣበትስ? እኛ ማስታወሻ ይቅር አላልንም። ከአምስት ክፍለ ጊዜ በአንዱ እንኳ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቢሰጥ አራቱ ለማስታወሻ ይተርፋሉ፤ ልጁ የገባውን ነገር ማስታወስ ደግሞ ካልገባው ይልቅ ይቀለዋል። ሁለተኛው የመሣሪያ እጦት ነው። ያቀረብናቸው ትምህርቶች የሚፈልጉት ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ጥቂት የጥልፍ ክርና የመምህሩን ዝግጅት ነው። ከእነዚህ የሚከብደው የመጨረሻው መሆኑን አንክድም። ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ልጁ አፉን ካልከፈተ ክርክር ከየት ይመጣል? በዚህ ላይ ከመካከላችን አንድ ሐሳብ የለም። ከፊሎቻችን ክርክሩ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ ይሁንና መደምደሚያው ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንላለን፤ ከፊሎቻችን ይህ ልጁን ለሚቀጥለው ክፍል አያዘጋጀውም እንላለን። በዚህ ጉዳይ መምህራኖቻችን ከልምዳቸው ቢያካፍሉን ከዛሬው ውይይት እጅግ የምንፈልገው እርሱን ነው።

ለልምምድ ለሚወጡ ጓደኞች የሐሩን ትምህርት ካርታ፣ የሐሙራቢን አምስት አንቀጾችና የሲባጎውን የቋጠሮ ልክ በአንድ ገጽ አዘጋጅተን በስቴንስል አባዝተናል፤ ከማኅበሩ ቢሮ መውሰድ ይቻላል። ሲባጎውን ግን እናንተው ትገዛላችሁ።